የመሀሉ ኳስ

አንደኛው አሰልጣኝ የአዳማ ነፋስ ነው፣
ስሙ ሳይመዘገብ፣ ደመወዝ የማንከፍለው።
ሁለተኛው ጋሽ ዘርጋው፤ ፊሽካው ጠፍቶበታል፣
በጣቶቹ ሲያፏጭ ፍራንኮ ላይ ያለ ባጃጅ ይቆማል።
የአዳራሹ መስኮት ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ካርቶን፤
ከሰዓት ሲሆን፣
ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ክንፎች መዞር ሲጀምሩ፣
ላባዋ ኳሳችን ይጠፋታል መስመሩ።
«ተማሩ» ይለናል፣ «ነፋሱ እንዲህ ሲያላጋት፣
ወዳለችበት አትሩጡ፤ የምትወድቅበት ቅደሟት።»

አንቺ የመጣሽ ቀን… አባትሽ ባለ ጋሪ፣
ኦብሴ፣ ስምሽ «ታገሺ» ማለት፣ አንቺ ግን በራሪ።
ራኬት ተሰጠን፣ አንድ ራኬት ለሁለት፣
መያዣው ላይ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ የተጠመጠመበት።
አንቺ ስትመቺ እኔ ባዶ እጄን ከጎንሽ ስሮጥ ልጆች ይስቃሉ፤
ለካ ባዶ እጅን መሮጥ ነው የጥንድ ጨዋታ ፊደሉ።

ከፊት እኔ፣ ከኋላ አንቺ። አሥራ አንድ ዓመት
ፊትሽን አላየሁም ጨዋታው ሲግል፤
የማውቅሽ በጫማሽ ጩኸት።
ግራው ሲንጫጫ ተቆጥተሻል፣
ቀኙ ሲጎተት ደክሞሻል።
መሀል ላይ ለምትወርድ ኳስ ሁለት ቃል ነበረን፦ «የኔ»ና «ያንቺ»፤
ቀድማ «የኔ!» የምትለው ግን ሁልጊዜ አንቺ።

ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ አንዴ ደግሞ ናይሮቢ፤
አንቺ ገንዘብ ያዥ፣ እኔ ደረሰኝ ሰብሳቢ።
በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላባዋን አለስልሰን፣
አንዲቷን ኳስ ሦስት ቀን እንደ ዘመድ አስታመን።
አክስቴ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ትለኛለች በየበዓሉ፤
«ላባ መምታት» እላለሁ።
«የዶሮ?»
ይስቃሉ።
አንድ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ወጣን፣ ከጨረታ ማስታወቂያ በታች፣
አንዲት መስመር፣ ቀጭን፣ ልትቆረጥ የደረሰች፦
«ኦብሴ እና ጓደኛዋ።» እኔ «ጓደኛዋ» ነበርኩ።
አልተከፋሁም። ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ያ የመጨረሻው ቀን።
እዚያው አዳማ፣ እዚያው አዳራሽ፣ ሃያ ለሃያ አንድ፤
ካርቶኑ ሁሉ መስታወት ሆኖ፣ ነፋሱ አጥቶ መንገድ።
ላባዋ ከፍ አለች፣ ከፍ፣ እስከ አምፖሉ፤
ሰው ሁሉ አንጋጠጠ፣ ሻይ ሻጩ ከነፔርሙሱ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ሁሉ።
ከዚያ መውረድ። ከኔ አንድ ክንድ፣ ካንቺ አንድ ክንድ ርቀት።
«ያንቺ!» አልኩ።
«ያንቺ!» አልሽ።
አሥራ አንድ ዓመት ያላልሽውን የሰማሁት ያን ዕለት።

ስትወድቅ ድምፅ የላትም።
መሀላችን አረፈች፣ በቡሿ ተደፍታ፣
ላባዋን ወደ ጣሪያው ዘርግታ።
ዳኛው እጁን አነሳ፣ ማዶ ያሉት ተቃቀፉ፤ እኛ ተያየን።
ሜዳ ላይ ፊት ለፊት መተያየት
የመጀመሪያችን ነበር።

ኦብሴ፣
ከወር በፊት ጀምሮ በግራ እጅሽ ፀጉርሽን ስታበጥሪ አይቼ፣
ዝም ያልኩት ምን ብዬ ነው? ምን ፈርቼ?
የቀኝ ትከሻሽ እሳት እንደሆነ እያወቅሁ፣
«ያንቺ» ያልኩሽ ለምዶብኝ ነው? ወይስ ያን ቀን ተሳሳትሁ?
አንቺም አልጠየቅሽኝ። ሻንጣሽን ዘጋሽ፣ ዚፑ አስቸገረሽ፣
ላግዝሽ ስል «ተይው» አልሽ።

አሁን ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ የቀለም ሱቅ ከፍተሻል፤
ቆርቆሮ ስትከፍቺ ግራ እጅሽ ይቀልሻል፣
በዚያ ሳልፍ በመስታወቱ አያለሁ።
እኔ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ልጆች አሰለጥናለሁ።
ዛሬም ፊሽካ የለንም።
ሁለት ሴቶች «የኔ!» «የኔ!» ብለው ግንባር ለግንባር ሲጋጩ
አልቆጣም፤ በረዶ እይዛለሁ፣ «ጎበዝ» እላለሁ።
ሁለቱም «ያንቺ» ሲባባሉ ግን ጨዋታውን አቆማለሁ፤
ለምን እንደሆነ አልነግራቸውም፣ ኳሷን ብቻ አነሳለሁ፤
ከሰዓት ሲሆን ደግሞ፣ ወላጆች አቧራ ገባ ብለው ቢያጉረመርሙም፣
አንዱን መስኮት እከፍታለሁ።