ደረጃ ቆጣሪው

ግዲኒያ ሳትነቃ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
እሰማታለሁኝ ደረጃውን ስትቀዝፍ።
ሊፍታችን ቀጥ ካለ ሦስተኛ ወሩ ነው፤
«በቅርብ ይጠገናል» ያለው ወረቀት እንኳ አሁን ጠርዙ ቢጫ ነው።
እኔ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ጉልበቴ የከዳኝ፣
ከአልጋና ከመስኮት ውጪ ማንም የማያገኘኝ፣
ምን ሌላ ሥራ አለኝ?
እቆጥራለሁ።
መቶ ስድሳ ሁለት ነው እኔ ደጅ እስኪደርስ፤
መቶ አርባው ላይ ሁሌም ትንፋሿ ሲቆራረስ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ እውነቱን ልናገር፣
በሩን በከዘራ ደብድቤ ነበር፦
«አንቺ! ሰው ተኝቷል! ማነው የሚያሳድድሽ?
ምን ሰርቀሽ ነው ሌሊት በጀርባሽ ያዘልሽ?»
ላብ ከቅንድቧ ጠብ ሲል በእጅጌዋ ጠርጋ፣
«ሃያ ኪሎ አሸዋ» አለች። «ፈተና አለብኝ፤ የእሳት አደጋ።»
አሥረኛው ላይ ደርሳ ወረደች።
ደግሞ መጣች።

ያግና ነው ስሟ፤ ከአራተኛ ፎቅ።
ቀን ቀን ሄሪንግ ዓሣ ታሽጋለች በጣሳ፤
ጣቷ ዓሣ፣ ፀጉሯ ዓሣ፣ የትኛውም ሳሙና የማይረታው ዓሣ።
ማታ ማታ ከበሯ ጉበን ላይ ተንጠልጥላ
ራሷን በራሷ ትስባለች፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ።
በመከር ሦስት ጊዜ ነበር። በረዶው ሲጥል ሰባት።
ስምንተኛው እንቢ አለ።

የስድስተኛ ፎቋ ቦጉሚላ ለማኅበሩ ከሰሰች፤
አቤቱታዋን ከሊፍቱ ወረቀት ጎን ለጠፈች።
እኔ ግን፣ ወደቡ ጡረታ ሲያወጣኝ ሰጥቶኝ ነበር አንድ ሰዓት፤
ከመሳቢያ አወጣሁት፤ ሞላሁት፤ ያዝሁላት።
«አራት ደቂቃ ከአሥር» እላለሁ በበሩ ስንጥቅ።
«ትናንት አራት ከአምስት ነበር!» ትሳደባለች፤
ማንን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት ዘጠነኛውን ፎቅ።

አንድ ማለዳ ደጄ ላይ ቁጭ አለች፣ ከረጢቷን ሳታወርድ።
መሰላሉ ነው። ሃያ ሜትር፣ ሜዳ መሐል ብቻውን የቆመ፤
በስድስተኛው ሜትር እጇ አልላቀቅ ብሎ ነበር፣ ጉልበቷ ሲርድ።
«ሠላሳ ዓመት» አልኋት፣ «ከመርከቦች በላይ፣
ነፋስ እንደ ላላ ጥርስ በሚነቀንቀው የክሬን አንገት ላይ
ተቀምጬ ኖርሁ። ከፍታን አልለመድሁም።
የለመድሁት ፍርሃቴን ነው፤ አብሮኝ ይወጣል፣ ምሳዬን ይካፈላል፣ አብሮኝ ይወርዳል፤ ቀርቶ አያውቅም።
አንቺም ይዘሽው ውጪ። ከአሸዋሽ አይከብድም።»
«ለመናገርማ ቀላል ነው» አለች።
ግን ተነሣች።

በረዶው ሊያልቅ ሲል በሬን አንኳኳች፦
«ፈተናው ላይ የሚጎተተው አሻንጉሊት ሰባ አምስት ኪሎ ነው።
እርስዎ ስንት ይመዝናሉ?»
«ሰባ ሁለት። ከነጫማዬ፣ ከነቂሜ።»
ጀርባዋን ሰጠችኝ።
በየፎቁ አረፍን። ስምንት። ሰባት።
«አነቁኝ እኮ! አሻንጉሊት እንዲህ አይዝም!»
«እሳት ውስጥ የምታገኚው» አልኋት፣ «አሻንጉሊት አይደለም።
ሰው ነው፤ ያንቃል። ልመጂው።»
ቦጉሚላ በሯን ከፈተች፤ አየችን፤ አማተበች፤ ዘጋች።
ቆይታ ደግሞ ከፈተችና ወንበር አወጣች።

ከሦስት ወር በኋላ ጫማዬ በረዶ ነካ፤
ባልቲክ ያው ጨው ጨው ይሸታል ለካ።
መመለሻውን ግን ማናችንም አላሰብንም፤
ሁለት ሰዓት ፈጀ። እሱን ሰዓቴ አልመዘገበም።

ዛሬ ፈተናው ነው። ደረጃው ቀኑን ሙሉ ዝም።
ሻይ አፈላሁ፤ ቀዘቀዘ፤ ደግሞ አፈላሁ፤ አልጠጣሁትም።
ሲመሽ፣ ከምድር ቤት አንድ ኮቴ።
ያለ አሸዋ ነው፤ ይቀላል።
ሰባ ሁለት፤ የራሷ ደጅ ነው፤ አለፈችው።
መቶ ስምንት፤ የቦጉሚላ በር ሲጢጥ ይላል።
ያለፈ ሰውም የወደቀ ሰውም ደረጃ ሲወጣ
ኮቴው አንድ ነው፤ ጆሮዬን ብለጥፍ ምንም አልመጣ።
መቶ አርባ። ትንፋሿ አልተቆራረሰም።
መቶ ስድሳ አንድ።
ሰዓቱ መዳፌ ውስጥ ይሄዳል፤
አላቆምሁትም።