ከገነት ቀጥሎ ያለው ፌርማታ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፤ አልነጋም ገና፤
በርገን ትታጠባለች፣ ትናንት እንዳልታጠበች፣ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ደመና።
ባቡሩ ውስጥ አንዲት የማትታይ ሴት የፌርማታ ስም ትጠራለች፤
«ቀጣዩ ፓራዲስ» ትላለች።
ገነት ማለት ነው። ማንም አይወርድም፤
ሁሉም ስልኩን ያያል፤ እኔም።
ከገነት ቀጥሎ «ሆፕ»፤ ከሆፕ ቀጥሎ እኔ የምወርድበት፣
ስምንት ሳምንት መምህርነት ልለማመድ የተላክሁበት
ትምህርት ቤት።

አምስት ልጆች። ግድግዳው ላይ ቀኑ በሥዕል ተሰልፎ፦
ጫማ ማውለቅ፣ ዳቦ፣ ሜዳ፤ በመካከሉ የእኔ ፎቶ ተለጥፎ።
ነባሯ መምህርት ቶርዲስ አለችኝ በመጀመሪያው ቀን፦
«ዓይኑን አትፈልግ። ከጎኑ ተቀመጥ፤ ፊት ለፊት አትሁን።»
ሳቄ መጣ። ዓይን መስበር ጨዋነት ነው ተብዬ ያደግሁት፣
እዚህ ስመጣ «ሰው ፊት እይ» ተብዬ በስንት መከራ የለመድሁት፣
እንደገና መሬት ማየት ተፈቀደልኝ።
ሲንድሬም የጫማዬን ማሰሪያ አይቶ፣ አይቶ፣ ዝም አለኝ።

ስምንት ዓመቱ ነው። ጆሮው ላይ ሰማያዊ ድምፅ ማፈኛ፤
ቃል የለውም ይላል ፋይሉ። ይዋሻል ፋይሉ፤ ቃልስ አለው እንደኛ፣
ብቻ ቃሉ ፌርማታ ነው።
«ፍሎሪዳ» ካለ ውሃ ጠማው፤
«ፋንቶፍት» ካለ ደክሞታል፤
«ፓራዲስ» ካለ፦ መብራቱ ይጮኻል፣
አጥፉልኝ።

እኔ ዕቅድ ነበረኝ፤ ሰባት ገጽ፤ ዓላማ፣ ግብ፣ መመዘኛ፤
«ላም ምን ትላለች?» አልሁት። የፕላስቲክ ላሜን ጭራ አሽትቶ ተኛ።
በሦስተኛው ሳምንት ዕቅዴን ቦርሳዬ ውስጥ ቀበርሁ፤
ወለሉ ላይ ከጎኑ ተቀምጬ የእንጨት ሐዲድ ደረደርሁ።

ማክሰኞ ነበር። ጣቴን ባቡር አድርጌ ፌርማታ ስጠራ፣
«ፋንቶፍት፣ ፓራዲስ፣ ነስቱን» ብዬ ቸኮልሁ፤ ዓይኔ ከሰዓቱ ጋራ።
እጁ መጣ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ የብስኩት ፍርፋሪ ያለበት።
ጣቴን ያዘ፤ ወደ ኋላ ጎተተ፤ አቆመው የዘለልሁት ቦታ ላይ፣ ባዶው ቤት።
«ሆፕ» አለ።
ጠበቀ።
«ሆፕ» አለ ደግሞ፤ ተነሥቶ ዘለለ፤ ወለሉ ተናወጠ፤
እኔም ዘለልሁ፤ የእንጨቱ ድልድይ ተገለበጠ።

በማግስቱ ነከሰኝ።
የእሳት አደጋ ደወል ልምምድ ነበር፤ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ የመለጠፍ ተራው የእኔ፣
የረሳሁትም እኔ።
ክንዴ ላይ ስድስት ጥርስ። ቶርዲስ በረዶ ይዛ መጣች፤
«ነገ አትረሳውም» አለች።

የመጨረሻው ዓርብ ፎቶዬን ራሱ ነቀለው፤ ጠርርር አለ ክሩ፤
«አበቃ» የሚባል ሣጥን አለ ከበሩ
ጎን፤ ዳቦ ሲያልቅ የዳቦው ሥዕል የሚገባበት፤
እዚያ ከተተኝ። አላለቀሰም። ምን አስለቀሰው፤ ላለቀ ነገር ያ ነው ቤት።
ከዚያ ወደ ሐዲዱ ዞረ።
እኔ ጫማዬን ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ማታ ባቡሩ ወደ ከተማ ሲመለስ (ይዘንባል፣ ምን ይገርማል)
የማትታየዋ ሴት «ሆፕ» ስትል
ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ሰማ፤ ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ።
አንዲት ባልቴት ከዘንቢላቸው ቀና ብለው አዩኝ፤
ዓይኔን ሰበርሁ።
ቀጥሎ ፓራዲስ። በሩ ተከፈተ፤ ዝናብ ገባ፤
ማንም አልወረደም።
ጣራው ላይ መብራቱ፣
እውነቱን ነው፣
ይጮኻል።