ሹክታ

አዳራሹ ድሮ የሱፍ ማከማቻ ነበረ፤
ሲረጥብ የበጉ ጠረን ከሳንቃው ሥር እስከ ዛሬ ያልሻረ።
ከተዘጋ ሲኒማ በርካሽ የገዛነው መቶ አርባ ወንበር፣
አንዱ ሲነሡበት የሚጮኽ፣ አንዱ ሲቀመጡበት የሚሰበር፤
ከኋላ ተራራ፣ ከፊት የሚያገሳ ባሕር፣
በመሃል እኛ፦ አንድ ጎዳና፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ የተውኔት ማኅበር።

ምዕራብ ዳርቻው ነው፣ የኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣
ሰማዩ ወንፊት፣ ዓመቱን ሙሉ ዶፍ የሚንቆረቆርበት።

በዓመት አራት ሥራ አለን።
በመጋቢት ኮሜዲ፣ የመብራት ዕዳ የሚከፍልልን፤
በሰኔ ሙዚቃዊ፣ ፖስተኛዋ ማካሬታ የምትዘፍንልን
(ደብዳቤ ስታድል ስለምትለማመድ ውሻው ሁሉ ዜማውን ያውቃል)፤
በመስከረም ግድያ፤ ገዳዩን መጋረጃው ሳይከፈት ከተማው ያውቃል፤
በኅዳር ደግሞ ቁም ነገር፣ ኦድሪ የምትሟገትለት፣
ሃያ ሰው የሚመጣለት፣ አሥሩ መሃል ላይ የሚወጣበት።

እኔ የመብራት ሰው ነኝ። የመሰላሉ ጫፍ ሰገነቴ፣
ሌቱን አነጋለሁ፣ ቀኑን አመሻለሁ በሁለት ጣቴ።
ከዚያ ነው ኖሊንን የማያት፣ ከመጋረጃው ጥግ፣
የወተት ሣጥን ገልብጣ፣ ጽሑፉን ከጭኗ ዘርግታ በወግ፣
ባትሪዋን ቀይ ካልሲ አልብሳ፣ ከረሜላ በጉንጯ እየቀበረች፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ቃል ሹክ ስትል የኖረች።

በወጣትነቷ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች አሉ፤
ገመድ ነቅላ ገመድ ስትሰካ፣ የመንደሩ ፍቅርና መርዶ በጆሮዋ አልፈዋል በሙሉ።
አንድም አላወጣች። አፏ ሣጥን ነው፣ ቁልፉም ከሷ ጋር።
ፖስተር ላይ ስሟ የለም። «ለምን ብላችሁ?» ትላለች፣
«ሥራዬ እንደሁ አለመሰማት ነበር።»

ዘንድሮ የኅዳሩ ሥራ፣ የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ፣
ሥጋ ሻጩ ክላይቭ አባት ሆኖ፣ የሞተ ልጁን ጫማ ይዞ፣ ሊናገር ሲል በእርጋታ፣
ዶፉ መጣ።
ካሚዮን ሙሉ ጠጠር ቆርቆሮው ላይ እንደ ተገለበጠ።
ክላይቭ ቆመ። ጫማውን አገላበጠ።
አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣ።
(በልምምድ ጊዜ «ይህን ምላሴን ከበሬው ምላስ ጋር
ሚዛን ላይ አውጥቼ ልሽጠው» ያለ ሰው ነው።)

ኖሊን ሹክ አለች። ዝናቡ ዋጠው።
ደግማ ሹክ አለች። ከንፈሯን ከላይ አየሁት፤ ቃሉን ቆርቆሮው በላው።
በሦስተኛው ተነሣች፣ ሣጥኑ ተንኳኳ፤
«ይኸ ጫማ!» ብላ ጮኸች፣ «ገና አዲስ ነው! አልነካውም ጭቃ እንኳ!»

ያ ድምፅ! ማን ያውቅ ነበር? ወፍራም፣ እንደ መርከብ ጡሩምባ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ተጠራቅሞ፣ ግድቡን ጥሶ ሲገባ።
ማንም አልሳቀ።
እሷም ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው፣ የሹራቧን ጫፍ እየጎተተች፣
ከነቀይ ባትሪዋ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆማ ቀረች።
ማጥፋት ነበረብኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።
ኦድሪም ከወንበሯ በእጇ «አጥፋ፣ አጥፋ» ትላለች።
አላጠፋሁም።
አንዱን አምፖል ቀስ አድርጌ ወደሷ አዞርኩት።
ክላይቭ ጫማውን ሰጣት።
አንድ መስመር እሷ፣ አንድ መስመር እሱ፣ በዝናቡ ላይ እየጮኹ ጨረሱት።
ከፊት ያሉት «ሚስቱ ናት» አሉ፤ ከኋላ፣ «እናቱ»።

ወንበር ስናነሣ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ጠጋ ብላ፣
«ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ዘለልኩ» አለችኝ፣ ተቆጥታ በራሷ።

መጋቢት ላይ ያው ሣጥኗ ላይ ናት፤ ስሟን ለፖስተሩ እምቢ አለች።
እኔ ግን ያን አምፖል
ወደ ቦታው አልመለስኩትም።