የ«ነ» ቁልፍ

ሮላ፣ ከልብስ ሰፊውና ከምንዛሪው መሀል፣
አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፤ ሺሃብ ይከፍተዋል፣
እኔ እፈታዋለሁ፤
ማለቴ የመጣውን፤ ስልኩን፣ ላፕቶፑን፣
የሻርጃ ሙቀት ያፈነውን፣ ውኃ የጠጣውን።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣
መሬማ ይዛው መጣች፣ በክንዷ አንጠልጥላ።
«ሻይ ጠጣ» አለችኝ። «ከረክ ነው፤ ወተት አለው፣
ሄልም፣ ስኳርም። ሕፃኑ ነው የደፋው፣
አጠገቡ ያኖርሁት ግን እኔ ነኝ።»
የቤቱ ትልቋ ልጅ ጥላው፣ አዲስ ስትገዛ፣
መሬማ ናት ያተረፈችው፣ ከቆሻሻው ጋር ይዛ።

ባትሪውን ነቀልሁ በቅድሚያ። አሥራ አንድ ብሎን ከሥር፣
ሁለት ደግሞ ከላስቲክ እግሩ፣ ድብቅ እንደ ምሥጢር።
ሻዩ ቦርዱ ላይ ደርቆ ሙጫ መስሏል፤
አልኮል ነክሬ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ፈገፈግሁት።
ኪቦርዱ ግን ብሎን የለውም፤ በፕላስቲክ ሚስማር
ተጠብሶ ነው የተጣበቀ፣ ስድሳ ሁለት በቁጥር።
የሠራው ሰው እንዲጠገን አይደለም
እንዲጣል ነው ያሰበው።

«የቱ ነው የሞተው?»
ሳትነካው አሳየችኝ፦ የእንግሊዝኛው ኤን።
«ሌላው ይጣበቃል እንጂ ይመለሳል።
ይሄ ግን ሦስት ሳምንቱ።»

ኤን ማለት የ«ነ» ቤት ነው፦ ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና፣
ኘም አብራ ትኖራለች፣ ባንድ ክፍል ደባል ሆና።
እስቲ ያለዚህ ቁልፍ ደብዳቤ ጻፉ፦
እኔ የለም። ነገ የለም።
ነበር እንኳ የለም።
ናፍቆት ብትሉ «ፍቆት» ይቀራል፣
ማንንም «ና» አትሉም።

ስልኳ በእመቤቷ መሳቢያ እስከ ጁምዓ ያድራል።
ሌሊት ድስቱ ታጥቦ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው
ባቲ ላለው ወንድሟ፣ ለይመር፣ በዚህ የምትጽፈው።
ስድስት ዓመት ያው ቃል፦ ደህና ነኝ።
ወገቧን ሲቆርጣት፣ ደህና ነኝ፤
ደመወዟ ሁለት ወር ሲዘገይ፣ ደህና ነኝ።

ያን ሌሊት ግን «ደህ» ብላ ቆመች።
ደህ።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይጠብቃታል።
አጠፋችው። «ነ» የሌለበት ቃል ስትለቅም አመሸች፦
«ሰላም ይመር። ብር ልኬያለሁ። አይዞህ።»

በማግስቱ መለሰላት፣ በጤነኛ ኪቦርድ፦
«ምን ሆነሽ ነው? ደህና ነኝ አላልሽም።»

«እና ምን አልሽው?» አልኋት፣ ሚስማር እየቀረፍሁ።
«‹ልንገርህ› አይጻፍ። ‹ስማ› አልሁት።
ከዚያ ሁሉንም ጻፍሁለት።
የቀሩት ፊደላት በቁኝ።»

አዲሱ ከዴይራ መጣ በሞተር፣ ዓረብኛው ከነእንግሊዝኛው፤
ኤን ጎን ነጥቧን የጣለች ያ ተቀምጣለች።
ስድሳ ሁለቱ ሚስማር አይመለስም፤ በሙጫና በፕላስተር አጣበቅሁት።
መቶ ሠላሳ ድርሃም። የሺሃብ ካሜራ የሚያየው እኔን ነው፤
አሥሩን ብቻ ቀነስሁ።

«ሞክሪው» አልኋት።
ነነነነነ ብላ መስመሩን ሞላችው፣ ሳቀች፣ ደመሰሰችው።
«ደህና» ጻፈች።
ቆመች። ጣቷ ከቁልፉ በላይ፣ አየር ላይ።
እኔም አየሁ፣ እሷም አየች።
ክዳኑን ዘጋችው።

«ይሠራል» አለች፣ ብሩን እየቆጠረች።