ኤግዚቢት ቁጥር መቶ አሥራ አራት

ሐምሌ ሃምሳ አንድ ላይ፣ ዴዶ ፖሊስ ጣቢያ፣
ጸሐፊ ነበርኩኝ፣ የቃል መቀበያ።
አንድ ሰው መጣ ማልዶ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣
በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ድንጋይ ከነእርጥበቱ።
"ስምህ?" አልኩት። "አባ ራያ።" "የከሰስከው?" "ቤቴን።
ድንጋይ አዘነበው፣ አሳጣኝ ዕረፍቴን።"
ሳቅሁኝ፤ አልዋሽም። አሥር አለቃው ሳቀ።
ቋጠሮውን ፈታ፣ እየተሳቀቀ።
በሐምሌ ብርድ መሐል ድንጋዩ ለብ ይላል፤
ዶሮዋ ገና አሁን እንደተወችው እንቁላል።

ወጣን በበቅሎ። መንገዱ ድጥ ነበር።
ቤቱ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ከወንዙ ድንበር፣
ሣር ክዳን፣ ጭቃ ግድግዳ፣ እንደማንም ቤት፤
ሰይጣን ይመርጠዋል የሚያስብል የለበት።
ገና ስንቀመጥ ጧ! አለ ከማጀት፤
ሁለተኛው ወረደ ከአሥር አለቃው ፊት፤
ሳይፈጥን፣ ሳይነጥር፣ ወርዶ ተቀመጠ፣
እንደ እንግዳ ሰው ቦታ እየመረጠ።
"ሰው የጣለው ድንጋይ እንዲህ አድርጎ አይወድቅም"
ብዬ ጻፍኩ። አለቃው ሰረዘው፤ "ፖሊስ አያደንቅም።"

ሼኹ ቀርተውበታል፤ ውሃ ረጭተው ሄዱ።
ቃልቻው ወይፈን በልቶ "ዛሩ ነው የዘመዱ"
ብሎ ተሰናብቷል። ነጋዴው ዓረቡ
ሽጉጥ ሲተኩስበት ድንጋዮቹ ረገቡ፣
አንድ ሌሊት ብቻ።
አሥራ ስድስት ምስክር፣ አሥራ ስድስት አሻራ፤
ሁሉም በመሐላ አየሁ ያለው አንድ ሥራ፦
ማንንም አልመታም። ጋኑን ሰብሯል፣ ቅሉን፤
ሰው አጠገብ ሲደርስ ያበርዳል ኃይሉን።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከኮንታ ያመጧት፤
ስሟ ሌላ ነበር፣ እነሱ መኪያ አሏት።
ውሃ፣ እንጨት፣ ልጅ ማዘል፣ የቡና ጥበቃ፣
ማታ ከምድጃው ሥር፣ ትቢያ ላይ ወድቃ።
እሷ ወንዝ ስትወርድ ዝም ይላል ጣራው፤
እንስራዋን ስታወርድ ይጀምራል ሥራው።
"እሷ ናት" አሉና በጠፍር አሰሯት፤
ሌሊቱን በሙሉ በፋኖስ ጠበቅናት።
ሁለት እጇ ታስሮ፣ ዓይኗ ተከድኖ፣
ዘነበ ድንጋዩ፣ ከቀድሞው ገኖ።

ሲነጋ ጠፍሩን እኔ ነኝ የፈታሁ፤
ከጠፍሩ ሰንበር ሥር የቆየ ሰንበር አገኘሁ።
በሹክሹክታ ጠየቅኋት፦ "ማነው የሚወረውር?"
"አላውቅም" አለችኝ፣ አመዱን እያየች፤
"ግን ጧት ጧት ስነሣ ክንዴ ይዝላል" አለች።

ይህ ቃል መዝገብ የለም፤ ዕድሜዋ ስላልደረሰ፣
ብዕሬም ደርቆ ነበር፣ ቀለሙ ስለፈሰሰ።
ውሸቴን ነው። ቀለም ነበረኝ።

መስከረም ሲጠባ፣ በጭነት መኪና፣
ጅማ፣ ሂርማታ ላኳት። ቤቱ ሆነ ጤና።
በኅዳር አባ ራያ ተመልሶ መጣ፦
"ያ ድንጋይ ይሰጠኝ፤ የቤቴ ነው፣ ጣጣ
ከሌለው።" "ለምንህ?" "ደረጃ ልሠራ፤
እኛ ዘንድ ድንጋይ የለም፣ ጭቃ ነው ተራራ።"
በፊርማ አስረከብኩት፣ መቶ አሥራ ሦስት ቆጥሬ።
መቶ አሥራ አራት ነበር። አንዱን አስቀረሁት፣ አፍሬ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ድንጋዩ ወረቀት ይጫናል፤
ሐምሌ ሲመጣ እነካዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።
ሂርማታ ገበያ "መኪያ!" ብዬ ስጣራ
አራት ሴቶች ዞሩ፤ አንዷ ተቆጣች፣ አንዷ ፈራች፣
አንዷ "ስንት ኪሎ?" አለችኝ።
ዋናውን ስሟን አላውቀውም።
እሱን ለመጠየቅ
ቀለም አያስፈልግም ነበር።