ከበሩ አጠገብ ያለው መስቀያ

ዊኒፔግ፤ የጥር ብርድ፤ ማክሰኞ ምሽት ነው፤
የትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ አምፖሉ የሚያንቀላፋው፤
አሥራ አንድ ልጆች፣ አንድ ያልቆመ ሮቦት፣
ውጪ ከተማው ሁሉ በረዶ ተጭኖበት።

የእኔ ሥራ ደግሞ ሰው መለመን ነበር፤
ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከአውቶቡስ ጋራዥ በር፣
ከሕንፃ ዕቃ ሱቁ የብሎን መደርደሪያ፤
«ሁለት ሰዓት ብቻ» ነበረች ማባበያ።

መጡልኝ፤ አልዋሽም፤ የሰው ደግ አላጣሁ፤
ግን ተቀብዬ ሳልጨርስ ስሸኝ ከረምሁ።

መጀመሪያ የመጣው ኢንጂነሩ ዳግላስ፣
ካቻቢቴ ነጥቆ ካልሠራ እጁ የማይመለስ፤
በሦስት ሳምንት ውስጥ ክንዱን ገጣጠመው።
የሚያምር ክንድ ነበር። ልጆቹ ግን ቆመው
እንደ ሠርግ ታዳሚ እጅ አጣጥፈው አዩ።
«ይኼ የማን ነው?» ብዬ ጆሴሊቶን ብጠይቀው፣
«የአቶ ዳግላስ» አለኝ፣
የወደቀ ብሎን ከወለሉ እየለቀመ።

ኦክሳና የሽቦ ባለሙያ ነበረች። ሦስት ምሽት መጣች።
በአራተኛው መኪናዋን አቁማ፣ መብራቱን ሳታጠፋ፣ ዞራ ተመለሰች።
በመስኮት አየኋት። ኋላ ነው የገባኝ፤ ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤
ወንበር እንኳ አልሰጠናት፤ ሰው ቆሞ አይከርምም።

ዘለቀንም ላጣው ነበር።
ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ከጥሪ ወደ ጥሪ፣ ቦት ጫማው ግራሶ።
ቅጽ አስሞላሁት፣ የፖሊስ ማጣሪያ አስጠበቅሁት፣
የዓይን መከላከያ መነጽር ሰጠሁት፣ ከዚያ ረሳሁት።
ሁለት ማክሰኞ ሙሉ ከበሩ አጠገብ
ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ፣ እንደ ዕቃ ወይ እንደ ዘብ።

ያተረፈችልኝ ማህደር ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ፤
ቅባታም ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከአንገቷ፣
«ጋሼ፣ ይኼ ለምን ሁልጊዜ ይዘላል?»
ካፖርቱን አወለቀ። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

ሌላ አልተናገረም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
እሷ ስትፈታ፣ ስትገጥም፣ ስትሳሳት፣
ሊፍት እስኪወርድ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቃት።
«ላልቷል» አለች በመጨረሻ። «ሰንሰለቱ ላልቷል።»
ጎበዝ አላላትም። «አጥብቂውና እንየው» አላት።

ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ መዝገቤን ዘረጋሁ፤
«ስንት ሰው አመጣሁ» የሚለውን ዓምድ ሰረዝሁ፤
«ማንን ማን ምን ጠየቀው?» ብዬ በላዩ ጻፍሁ።

ዳግላስን «እጅህን ኪስህ ክተት» አልነው፤
ተቆጣ። ሳምንት ጠፋ። መጣ፤ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።
ለኦክሳና ደወልሁ። «አጥፍተናል፤ ሽቦው ተወሳስቦብናል፤ ወንበር አለ» አልኳት።
እስካሁን አልመጣችም።
ወንበሩ ግን አለ።

በመጋቢት ውድድር ላይ ክንዱ ተሰበረ፤
ከሃያ ስድስት ቡድን ሃያ ሦስተኛ ወጣን።
በማግስቱ ማክሰኞ ምንም ሥራ አልነበረም፤
በሩን ልቆልፍ ሄድሁ፤
የዘለቀ መኪና ቆማለች፣ ሞተሯ እንደሞቀ።
«ማክሰኞ አይደል?» አለኝ።

ከበሩ አጠገብ፣ ያኔ ከቆመባት ቦታ፣ መስቀያ ተመትቷል፤
ማህደር በወረቀት ፕላስተር ላይ፣ በቅዳሜ ትምህርት ቤት ፊደሏ፣
ጎበጥ ጎበጥ አድርጋ «ዘለቀ» ብላ ጽፋለች።
ዳግላስ ምን እንደሚል ጠየቀኝ።
ስሙ ነው አልኩት።
ካፖርቱን ተሰቅሎ ባየሁ ቁጥር ግን
ስም ይሁን ግሥ አልለየውም።