ሞክሼ

ቶርስሃውን፣ ጥቅምት፣ ነፋስ መስኮት ይመታል፤
የዓሣ ቆጠራው ሰነድ ሰኞ ጠዋት ይሰጣል።
ሶልቫ ቢሮ አምሽታ፣ ካፖርቷን እንደ ለበሰች
ለሰባት ወሽመጥ ሰባት ቀመር ሠራች፤
በአንድ ዙር፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሰባቱን ወለደች፤
«አንተ የክላክስቪክ፣ አንተ የቬስትማና» እያለች።

ከዚያ ጠየቀቻቸው፤ «ስንት ዓሣ አለ እናንተ ዘንድ?»
ሰባቱም መለሱ፣ ድምፃቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ፤
የመጨረሻው ወሽመጥ፣ የትቮሮይሪ ብቻ።
ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ።
እንቅልፍ የሚነሣው እንዲህ ያለው ውሸት ነው፤
ጫማውን ጠርጎ፣ ከረባት አስሮ የሚመጣው።

የዚህ ቋንቋ ጠባዩ ነው፤ የሰጡትን ወዲያው አያኝክም፤
«እሺ» ብሎ ይቀበላል፣ ቋጠሮውን ግን አይፈታም።
በእጁ የያዘው ቁጥር አይደለም፣ ቃል ነው፤
«የተፈለገ ዕለት ሄጄ አየዋለሁ» ያለው።
ሰነፍ ይሉታል ባለሙያዎቹ፤ ስድብ አይደለም፤
ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ የሚደክም የለም።
ብቻ፣
ቃል ሲያድር ዓለም አብሮት አያድርም።

ለሰባቱም ያሳየቻቸው አንድ ሣጥን ነበረ፤
«ተራ» የሚል ስም ክዳኑ ላይ የሰፈረ።
«ውስጡ ያለው ያንተ ነው» አለቻቸው በየተራ፤
ማንም ክዳን አላነሣ፣ ማንም አላጣራ።
ዙሩ ሲያበቃ ሣጥኑ ውስጥ ሰባት ቀረ፤
ዘግይቶ የከፈተ ሁሉ ሰባትን ቆጠረ።
የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤
በዚህ ሌሊት ሁለቱም ጠፍተዋል።

ሃኑስ ነበር ያስተማራት፣ ጡረታ ሳይወጣ፣
ያልተለኮሰ ፒፓ በጥርሱ ነክሶ፦
«ቀመር ስም ሲጎድለው
ደጅ የሚጠናው የጠራውን ሰው ቤት አይደለም፤
የተወለደበትን ነው።
እዚያ ካጣ የአባቱን ቤት፣ ከዚያ የአያቱን፤
በመጨረሻ አደባባይ ይወጣል።
አደባባዩን ፍሪው፤ እዚያ ሞክሼ አይጠፋም፤
‹አቤት› የሚልሽ ሁሉ ያንቺ ሰው አይደለም።»
ደግሞ ሌላ ቀን፣ ደረጃ እየወረደ፦
«ቃል እንዳይሻግት መግቢያው ላይ ስሙን አንዴ ጥሪው፤
አታባዢው፣ አትደምሪው፤
መጥራት ብቻ ይበቃዋል።»

አንድ መስመር ጨመረች፤ መስመሩ ላይ ስም ብቻ።
ሰባቱ ነቁ። ሰባት ቁጥር፣ ሰባት መልክ።
ግን ሁሉም ከበዱ፤ ከባሕር የወጣው እያንዳንዱ ዓሣ
እንደ ሰው ይመዝናል።
ወደ ኋላ ተመልሳ መስመር በመስመር ስታይ
«ክብደት» የሚለውን ስም መስጠት ረስታ ኖሯል፤
ቀመሩ ቤቱ ፈልጎ አጣ፣ ከአባቱም ቤት አጣ፣
አደባባይ ወጥቶ ሲጣራ
«አቤት» አለው አንድ አሮጌ ቁጥር፦
ሰማንያ አንድ።
ሃኑስ ራሱ ነው፤ ለምሳሌ ብሎ
የገዛ ኪሎውን ጽፎ ያሳያት ጊዜ፣
ከማሽኑ ትዝታ ሳይጠፋ የቀረ።

ጣቷ መደምሰሻው ላይ ቆመ።
አሁን ስልሳ ይሞላ ይሆን?
በሚያዝያ «በሚመጣው ሳምንት እጠይቅሃለሁ» ብላው ነበር፤
ያ ሳምንት እስካሁን ክዳኑ አልተነሣም።

ሲነጋ ወደ አረጋውያን ማረፊያው ደወለች።
«ሃኑስን ፈልጌ ነበር።»
«የትኛውን? ሁለት ሃኑስ አሉን» አለቻት ነርሷ።
ሶልቫ ብቻዋን፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ፣ ሣቅ አመለጣት።
«የቼክቩን» አለች፤ «እዚያ የተወለደውን።»
«እሱ ተኝቷል። ስሙን ከጠሩት ግን ይነቃል፤
ልጥራው?»